በመኝታ ጊዜ ስለሚመጣ ኀሳብና ስለ መልካም እንቅልፍ

ስለ ጤና አጠባበቅ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ስለ ንጹሕ ውሃ፥ ስለ ምግብ፥ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ተላላፊ በሽታ ነው። ይህ ሁሉ ተገቢ ትምህርት ነው። ነገር ግን ሰው የዕድሜውን ሲሦ ያህል የሚያሳልፍበት እንቅልፍ ብዙ ጊዜ ሳይታሰብበት ይቀራል። ገላውን የታጠበ፥ ንጹሕ ምግብ የበላና በንጹሕ አንሶላ የተኛ ሰው እንኳ ኀሳብ ሲያወጣና ሲያወርድ፥ እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ቢነጋበት ጤንነቱ ተጠበቀ ለማለት አይቻልም።

ስለዚህ በዚህ ወር ትምህርታችን እንቅልፍ እንዴት እንደሚመጣ፥ ኀሳብ በመኝታ ጊዜ ለምን እንደሚበረታና ይህን ችግር በሥርዓት ለማቃለል ምን ማድረግ እንደሚገባ እንገልጻለን። የትምህርቱ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ እንቅልፍ በትግል አይመጣም። የሚመጣው መንገዱ ሲጠረግለት ነው። መንገዱም የሚጠረገው ኀሳብን ከመኝታ በፊት በራሱ ሰዓትና በራሱ ቦታ አስተናግዶ፥ አልጋን ለእንቅልፍ በመተው ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፥ ሰዓቶቹ ግን በአገራችን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

1. እንቅልፍ ምንድን ነው?

በቀድሞ ዘመን እንቅልፍ ማለት የአንጎል ሥራ ለጊዜው መቆም ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ይህ አስተሳሰብ ትክክል አለመሆኑ የታወቀው የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ በመሣሪያ መመዝገብ ከተቻለ በኋላ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር ይህን ሞገድ ከሰው ራስ ላይ መመዝገቡን በ1929 አስታወቀ። በ1953 ደግሞ ዩጂን አሰሪንስኪና ናታንኤል ክላይትማን የተባሉ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፥ የተኛ ሰው ዓይን በተከደነው ቆብ ሥር በየተወሰነ ጊዜ በፍጥነት እንደሚንቀሳቀስ፥ በዚያን ጊዜ የተቀሰቀሰ ሰውም ብዙውን ጊዜ ሕልም ሲያይ እንደ ነበረ እንደሚናገር ገለጹ።

እንግዲህ እንቅልፍ ሥራ መፍታት ሳይሆን ሌላ ዓይነት ሥራ ነው። የተኛ ሰው ከቀላል እንቅልፍ ወደ ከባድ፥ ከከባዱም ወደ ሕልም እንቅልፍ ይሸጋገራል። አንዱ ዙር 90 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ሲሆን፥ በአንድ ሌሊት 4 ወይም 5 ጊዜ ይመላለሳል። በዚህ ጊዜ ሰውነት የደከመውን ይጠግናል፤ የሕፃናት የእድገት ሆርሞን በብዛት ይመነጫል፤ ቀን የተማርነውም ነገር በአእምሮ ውስጥ ይጸናል። ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ሲተላለፉ ለጥቂት ጊዜ መንቃት የተፈጥሮ ነገር ስለ ሆነ፥ በሌሊት አንድ ሁለት ጊዜ የነቃ ሰው ታመምሁ ብሎ ሊደነግጥ አይገባውም።

ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በሌሊት ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣቶች ከ8 እስከ 10 ሰዓት፥ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ደግሞ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት ይገባቸዋል።

2. እንቅልፍን የሚያመጡና የሚከለክሉ ኃይሎች

ስለዚህ ነገር ሦስት ኃይሎችን ማወቅ ይበቃል።

አንደኛው የድካም ክምችት ነው። ሰው ነቅቶ በቆየ መጠን አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር በአንጎሉ ውስጥ እየተጠራቀመ እንቅልፍን ይጠራል። በቡናና በሻይ ውስጥ የሚገኘው ካፌይን አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። ስለዚህ ቡና ድካምን አያጠፋም፤ እንዳይሰማን ብቻ ያደርጋል።

ሁለተኛው የሰውነት ሰዓት ነው። የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚተላለፉበት ስፍራ በላይ ያለች እጅግ ትንሽ የአንጎል ክፍል ቀንና ሌሊትን ለይታ ሰውነትን ታዛለች። ይህ ሰዓት በሕዋሳት ውስጥ የሚሠራበትን ዘዴ በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ባደረጉት ምርምር ያስረዱት ጄፍሪ ሆል፥ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ በ2017 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ሰዓቱን ዘወትር የሚያስተካክለው ብርሃን ነው። የጠዋት ብርሃን ቀኑን ያስጀምረዋል፤ ሲጨልም ደግሞ ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ይመነጫል።

ሦስተኛው የንቃት ዘበኛ ነው። ሰው አደጋ የመጣበት ሲመስለው አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖች ወደ ደሙ ይገባሉ፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ጡንቻ ይወጠራል፤ ትንፋሽ ያጥራል። ይህ ዘበኛ ለሕይወታችን አስፈላጊ ነው፤ በዱር ያደረ ሰው አውሬ ሲመጣበት የሚያስነሣው እርሱ ነው። ችግሩ ዘበኛው አውሬንና የቤት ኪራይን ለይቶ አለማወቁ ነው። የሁለቱ ፍርሃት ለእርሱ አንድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኃይሎች እንቅልፍን ቢጠሩ እንኳ፥ ዘበኛው በሩን ከዘጋው እንቅልፍ አይገባም።

3. ኀሳብ በመኝታ ጊዜ ለምን ይበረታል?

ለምሳሌ የመንፈቀ ዓመቱን ፈተና የሚያርም አንድ መምህር እናስብ። ቀኑን ሙሉ በክፍልና በተማሪዎች መካከል ሲመላለስ ስለ ራሱ ለማሰብ ጊዜ አላገኘም። ከምሽቱ 4 ሰዓት መብራቱን አጥፍቶ ጋደም ሲል ግን፥ ቀን ተራ ሲጠብቁ የዋሉት ኀሳቦች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገባሉ፤ ያልተጠቃለለው ውጤት፥ የጎደለው ኪራይ፥ የትንሹ ልጅ ሳል፥ ርእሰ መምህሩ የተናገሩት ቃል። መኝታ ጸጥታ የሰፈነበት የመጀመሪያው ሰዓት ስለ ሆነ የቀን ኀሳብ ሁሉ መሰብሰቢያ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ሁለተኛ ኀሳብ ይጨመራል፤ ይኸውም ስለ እንቅልፉ ራሱ መጨነቅ ነው። መምህሩ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ሰዓቱን አይቶ «አሁን ብተኛ 6 ሰዓት እተኛለሁ» ይላል። 8 ሰዓት ላይም አይቶ «4 ሰዓት ብቻ ቀረኝ፤ ነገ እንዴት አድርጌ አስተምራለሁ?» ይላል። ሰዓቱን ባየ ቁጥር ዘበኛው ይበልጥ ይነቃል። ለመተኛት የሚደረግ ትግል ራሱ ዋናው የእንቅልፍ ጠላት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ነገር ብዙ ሌሊት ከተደጋገመ ደግሞ ልማድ ይሆናል። መምህራን በትምህርት ቤት እንደ ተማሩት፥ የሩሲያው ሊቅ ፓቭሎቭ ምግብ ከመሰጠቱ በፊት ምልክት ያሰማው ውሻ፥ ከጊዜ በኋላ ምልክቱን ብቻ ሲሰማ ምራቁ ይወርድ ነበር። እንዲሁም በአልጋው ላይ ለሳምንታት ሲጨነቅ ያደረ ሰው፥ አልጋውን ሲያይ ብቻ ልቡ መምታት ይጀምራል። በሳሎን ወንበር ላይ ሲያንቀላፋ የነበረ ሰው አልጋው ላይ ሲወጣ ወዲያው የሚነቃው ስለዚህ ነው። ይህ የአእምሮ ድክመት አይደለም፤ የተማሩት ልማድ ነው። የተማሩትን ልማድም በሌላ ልማድ መተካት ይቻላል።

4. እንቅልፍ ማጣት የሚያመጣው ጉዳት

አንድ ሌሊት ሳይተኙ ማደር ጤናማውን ሰው ቢያደክመውም በሚቀጥለው ሌሊት እንቅልፍ ይካሳል። የዘወትር የእንቅልፍ ጉድለት ግን ከደም ግፊት፥ ከስኳር በሽታ፥ ከልብ ሕመምና ከድባቴ ጋራ የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። ትዕግሥት ያልቃል፤ ቁጣ ይቀርባል፤ የተነበበው አይያዝም። መምህር ሲሆን ጉዳቱ በእርሱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ በክፍሉ ውስጥ ላሉት ልጆች ሁሉ ይተርፋል።

በመንገድ ላይ የሚያደርሰው አደጋም ቀላል አይደለም። በ1997 በአውስትራሊያ የታተመ አንድ ጥናት እንዳመለከተው፥ ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የእጁና የዓይኑ ቅንጅት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋራ እኩል ይቀንሳል። ስለዚህ ሳይተኛ ያደረ ሾፌር ምንም እንኳ መጠጥ ባይቀምስ መሪ ሊይዝ አይገባውም።

5. የምሽት ሥርዓት

ሀ) ለኀሳብ ሰዓት መስጠት። ከመኝታ በፊት አንድ ሰዓት ወይም ሁለት ሰዓት ሲቀር፥ ከአልጋ ርቆ በጠረጴዛ ዘንድ ተቀምጦ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያህል የሚያስጨንቀውን ነገር በደብተር ላይ መጻፍ ይገባል። በስተግራ ጉዳዩን፥ በስተቀኝ ነገ የሚወሰደውን የመጀመሪያ ርምጃና ሰዓቱን መጻፍ ነው። የጠቀስነው መምህር ደብተር እንደሚከተለው ሊሆን ይችላል፤

ውጤት አልተጠቃለለም። — ነገ ከ7 እስከ 8 ሰዓት የአንዱን ክፍል ሮስተር እሞላለሁ።
የልጁ ሳል አልተወውም። — ነገ ጠዋት 2 ሰዓት እናቱ ጤና ጣቢያ ትወስደዋለች፤ ገንዘቡን ዛሬ ማታ እሰጣታለሁ።
ኪራይ ጎድሏል። — ቅዳሜ ግማሹን ከፍዬ ለቀረው ቀን እለምናለሁ።
ርእሰ መምህሩ ተቀይመውኛል። — በእረፍት ሰዓት ቢሮአቸው ገብቼ አነጋግራቸዋለሁ።

በአሜሪካ በቤይለር ዩኒቨርሲቲ ተደርጎ በ2018 የታተመ ጥናት የዚህን ጥቅም ያስረዳል። ከ57 ወጣቶች ግማሾቹ ከመኝታ በፊት ለ5 ደቂቃ በሚቀጥሉት ቀኖች የሚሠሩትን፥ ግማሾቹ ደግሞ ሠርተው የጨረሱትን እንዲጽፉ ተደረገ። የሚሠሩትን የጻፉት 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው ተኙ፤ ዘርዝረው የጻፉትም ይበልጥ ፈጥነው ተኙ። አእምሮ እንዳይረሳ የሚይዘውን ነገር ወረቀት ሲይዝለት የሚያርፍ ይመስላል።

እንደ ኀዘን ያለ፥ ነገ በሚወሰድ ርምጃ የማይቃለል ጉዳይ ሲሆን ደግሞ፥ በስተቀኝ የሚጻፈው ጉዳዩን የሚያካፍሉት ሰው ስም ነው። ይህም ዘመድ ወይም ጎረቤት፥ የነፍስ አባት ወይም ሼኽ ሊሆን ይችላል። ብቻውን የተሸከሙት ኀሳብ በሌሊት ይከብዳል።

ለ) በቡና፥ በጫትና በመጠጥ መጠንቀቅ። ከተጠጣው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት የተጠጣው ቡና እኩሌታው በእኩለ ሌሊት ገና በደም ውስጥ ይገኛል። በ1 ሰዓት ተጀምሮ አቦል፥ ቶና፥ በረካ ሲባል የሚያመሽ የጎረቤት ጨዋታ መልካም ነው፤ ነገር ግን እንቅልፍ የሚቸግረው ሰው ቡናውን ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ጠጥቶ፥ ማታ በጨዋታው ብቻ ቢካፈል ይሻለዋል። በረካ ቀጠን ያለ ቢሆንም ካፌይን የለበትም ማለት አይደለም።

ጫት ካቲኖን የተባለ የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር ስላለበት የንቃት ዘበኛውን ያስነሣል። ይህን ለማብረድ ጨብሲ ተብሎ የሚጠጣው መጠጥም ሌላ ጉዳት ይጨምራል። አረቄም ሆነ ጠላ መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ የሚያመጣ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በሌሊቱ ሁለተኛ አጋማሽ እንቅልፉን ይቆራርጠዋል፤ ማንኮራፋትንም ያብሳል።

ሐ) እግርን በሞቀ ውሃ መታጠብ። አባቶቻችንና እናቶቻችን ማታ ከመንገድ የመጣን ሰው እግሩን በሞቀ ውሃ ማጠባቸው ለንጽሕናና ለአክብሮት ብቻ የሚጠቅም አልነበረም። በ1999 በስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት እጅና እግሩ የሞቀ ሰው ፈጥኖ እንደሚተኛ አመልክቷል። ምክንያቱም የእጅና የእግር የደም ሥሮች ሲሰፉ የውስጥ ሙቀት ወደ ውጭ ስለሚወጣና ሰውነት ሲቀዘቅዝ እንቅልፍ ስለሚቀርብ ነው። ስለዚህ ይህን ልማድ በየቤታችን ልንጠብቀው ይገባል።

መ) ብርሃንን መቀነስ። ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሰዓት መብራቱን መቀነስ፥ ቴሌቪዥንንና የእጅ ስልክን መተው ያስፈልጋል። ስልክ ብርሃኑ የሰውነትን ሰዓት ከማዛባቱ በላይ፥ የሚያመጣው ወሬ ዘበኛውን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ ቢያድር የተሻለ ነው።

ሠ) አልጋን ለእንቅልፍ መተው። እንቅልፍ ሲመጣ እንጂ ሰዓት ስለ ደረሰ ብቻ አልጋ ላይ አለመውጣት፤ በአልጋ ላይ ፈተና አለማረም፥ ሒሳብ አለማስላት፥ ክርክር አለማንሣት ይገባል። 20 ደቂቃ ያህል የሆነ ሲመስል እንቅልፍ ካልመጣ፥ ሰዓት ሳያዩ ተነሥቶ በደብዛዛ ብርሃን ጸጥ ያለ ነገር ማድረግና እንቅልፍ ሲመጣ ተመልሶ መተኛት ነው። ሪቻርድ ቡትዚን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1972 ያስታወቀው ይህ ዘዴ፥ ከላይ ያልነውን የአልጋና የጭንቀት ልማድ ቀስ በቀስ ይፈታል። ሌላ ክፍል ለሌለው ሰው ከአልጋው ወርዶ በዱካ ላይ መቀመጥ ይበቃዋል።

ረ) ሰውነትን ማላላት። በአልጋ ላይ ሆኖ በአፍንጫ 4 ሰከንድ ያህል ወደ ውስጥ፥ 6 ሰከንድ ያህል ወደ ውጭ እየተነፈሱ ለጥቂት ደቂቃዎች መቆየት የልብን ምት ያረጋጋል። የቺካጎው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን በ1929 ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው ሌላ ዘዴም አለ። በዛሬው አሠራር እጅን 5 ሰከንድ ያህል ጭብጥ አድርጎ ቀስ ብሎ መልቀቅ፥ ከዚያም ትከሻን፥ ፊትን፥ ሆድንና እግርን በተራ እንዲሁ ማድረግ ነው። ይህም የሚደረገው እንቅልፍን ለማስገደድ ሳይሆን ለማረፍ ነው።

ሰ) የመነሻን ሰዓት አለመለወጥ። ሌሊቱ ቢከፋም ጠዋት በተለመደው ሰዓት ተነሥቶ ወደ ብርሃን መውጣት ያስፈልጋል። ቅዳሜና እሑድ ረፋድ ድረስ መተኛት የሰውነትን ሰዓት ያዛባል። የቀን እንቅልፍ የግድ ካስፈለገም ከ9 ሰዓት በፊት ሆኖ ከ20 ወይም ከ30 ደቂቃ እንዳይበልጥ ነው።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ሌሊት ጀምሮ በማግሥቱ ውጤት መጠበቅ አይገባም። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች የከበዱ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለውጡ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው።

6. ስለ መኝታ ክፍል

ክፍሉ ጸጥ ያለ፥ ጨለም ያለና ቀዝቀዝ ያለ ይሁን። ትኋንና ቁንጫ ባለበት ቤት ስለ ኀሳብ መናገር ከንቱ ስለ ሆነ፥ ፍራሽንና አንሶላን ፀሐይ ላይ ማስጣትና ማጠብ፥ የግድግዳን ስንጥቅ መድፈን ያስፈልጋል። ወባ ባለበት አገር ከአጎበር ውጭ መተኛት አይገባም።

ከሁሉ በላይ ግን የከሰል ምድጃ እንዳለ ተዘግቶ በሚታደርበት ክፍል ውስጥ ከቶ አይተው። ቀለምና ሽታ የሌለው የከሰል መርዝ፥ ካርቦን ሞኖክሳይድ፥ የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። ቡና የተፈላበት ምድጃ ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይውጣ።

7. ስለ መድኃኒትና ወደ ሐኪም ስለ መሄድ

ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት እንደ ዲያዜፓም ያለውን የእንቅልፍ ክኒን ገዝቶ መዋጥ አደገኛ ነው። ሰውነት ስለሚለምደው መጠኑ እየጨመረ፥ ያለ እርሱም መተኛት እያቃተ ይሄዳል፤ ከመጠጥ ጋራ ሲወሰድ ትንፋሽን እስከ ማቆም ሊደርስ ይችላል። ለረጅም ጊዜ ሲወስደው የነበረ ሰውም ሐኪም ሳያማክር በድንገት ማቋረጥ የለበትም። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 ባወጣው መመሪያ፥ ሥር ለሰደደ የእንቅልፍ ማጣት በመጀመሪያ የሚሰጠው ሕክምና ክኒን ሳይሆን ልማድንና አስተሳሰብን የሚያስተካክለው ሕክምና እንዲሆን መክሯል። ከላይ ከተዘረዘሩት ደንቦች አብዛኞቹ የዚሁ ሕክምና ክፍሎች ናቸው።

እንቅልፍ ማጣቱ በሳምንት 3 ሌሊት ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ለ3 ወር ከቆየ፤ ሰውየው ሲያንኮራፋ ቆይቶ ትንፋሹ የሚቋረጥ ከሆነ፤ ወይም ምንም ነገር ደስ የማይለውና ተስፋ የቈረጠ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባዋል። መሞትን የሚመኝ ሰው ሲገኝ ደግሞ ብቻውን ሳይተዉ ዕለቱን ወደ ሕክምና ማድረስ የቤተ ሰብና የጎረቤት ግዴታ ነው።

8. ለመምህራን

በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ ሲገኝ ከመቅጣት በፊት ሌሊት እንዴት እንዳደረ መጠየቅ ይገባል። ማታ ሲሠራ ያመሸ፥ የታመመ ወይም በቤቱ ውስጥ ጠብ ያለበት ሊሆን ይችላል። በፈተና ዋዜማም ሌሊቱን ሙሉ ማጥናት እንደ ትጋት እንዳይቈጠር ተማሪዎችን መምከር ያስፈልጋል፤ ቀን የተጠናው የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ነውና። ለዚህ ትምህርት አንድ ክፍለ ጊዜ መድቦ፥ በመጨረሻው 5 ደቂቃ ልጆቹ የነገ ሥራቸውን በደብተር እንዲጽፉ ማለማመድ ይጠቅማል።

የመከለሻ ጥያቄዎች

1ኛ. ቡና ድካምን አያጠፋም ሲባል ምን ማለት ነው?
2ኛ. ለመተኛት መታገል እንቅልፍን የሚያርቀው ለምንድን ነው?
3ኛ. እግርን በሞቀ ውሃ መታጠብ እንቅልፍን የሚያቀርበው በምን ምክንያት ነው?
4ኛ. የከሰል ምድጃ በመኝታ ክፍል ውስጥ የማይታደርበት ለምንድን ነው?
5ኛ. ዛሬ ማታ ከሚያስጨንቃችሁ ነገር አንዱን ጻፉ፤ በአጠገቡም ነገ የምትወስዱትን የመጀመሪያ ርምጃና ሰዓቱን ጻፉ።